የወፎች ላባ ያቆየው የአየር ታሪክ

በቺካጎ ፊልድ ሙዚየም የወፍ ስብስብ ውስጥ ሆርንድ ላርክ የምትባል ትንሽ የሜዳ ወፍ አለች። ራሷ ላይ እንደ ቀንድ ቀጥ ያሉ ጥቋቁር ላባዎች አሏት፤ ሆዷ ነጭ ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በኢሊኖይ የተሰበሰቡት ሆዳቸው አመድ መስሏል፤ አንዳንዶቹም ጭራሽ ወደ ጥቁርነት ያደላሉ። በዚያው ዘመን ከምዕራብ አሜሪካ የመጡት የዚያችው ዝርያ ወፎች ግን እስከ ዛሬ ነጭ ናቸው። ሁለቱም ከመቶ ዓመት በላይ በመሳቢያ ውስጥ ተኝተዋል። የለያያቸው በሕይወት ሳሉ የበረሩበት አየር ነው።

ሼን ዱቤይ እና ካርል ፉልድነር ከዚህ ልዩነት ተነሥተው ያካሄዱት ጥናት በ2017 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ በሚያሳትመው መጽሔት ላይ ወጣ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ የወፍ ናሙናዎች የ135 ዓመት የከባቢ አየር ጥቁር ካርቦንንና የአካባቢ ፖሊሲን እንደሚያሳዩ ይናገራል። ሁለቱም ያን ጊዜ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ነበሩ፤ ዱቤይ የዝግመተ ለውጥ ባዮሎጂ፣ ፉልድነር ደግሞ የሥነ ጥበብና የፎቶግራፍ ታሪክ ያጠና ነበር። ጽሑፉ ስድስት ገጽ ብቻ ነው። በእነዚህ ስድስት ገጾች ውስጥ ስለ ጥላሸቱ የተነገረው በጠንካራ መሠረት ላይ የቆመ ነው። ርእሱ ላይ የተጨመረው የፖሊሲው ነገር ግን ያን ያህል ማስረጃ የለውም፤ ሁለቱን ለያይቶ ማንበብ ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ጥያቄው ለምን ከባድ እንደሆነ ማየት ይገባል። ጥላሸት ከሰል፣ እንጨት ወይም ናፍጣ በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ የሚወጣ፣ በአብዛኛው ካርቦን የሆነ ደቃቅ ብናኝ ነው። የፀሐይን ብርሃን ይመጥጣል፤ በረዶ ላይ ሲያርፍ በረዶውን አጥቁሮ ቶሎ እንዲቀልጥ ያደርገዋል፤ ሳንባ ውስጥ ሲገባም የሚያደርሰው ጉዳት የታወቀ ነው። ነገር ግን አየር ላይ ብዙ አይቆይም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለብዙ ዘመናት ይቆያል፤ በበረዶ ውስጥ በታሰሩ የአየር አረፋዎች ውስጥም ስለሚገኝ የጥንቱን መጠን ዛሬ መለካት ይቻላል። ጥላሸት ግን ከጥቂት ቀናት እስከ አንድ ሳምንት ገደማ ተንሳፍፎ ወይ በዝናብ ይታጠባል ወይ ይረግፋል። እሱን በመሣሪያ አዘውትሮ መለካትም የተጀመረው ከሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ከተሞች ጭስን ይቆጣጠሩ የነበረው ባለሙያ የጭስ ማውጫውን ሽቅብ እያየ ጥቁረቱን በካርድ ላይ ከተሣሉ የግራጫ ደረጃዎች ጋር እያስተያየ ነበር።

ስለዚህ ሳይንቲስቶች የድሮውን መጠን የሚገምቱት በስሌት ነው። በዚያ ዓመት ስንት ቶን ከሰል ተቃጠለ? ከአንድ ቶን ምን ያህል ጥላሸት ይወጣል? ሁለቱን ያባዛሉ። የመጀመሪያው ቁጥር ከንግድና ከማዕድን መዝገብ ይገኛል። ሁለተኛው ግን እጅግ ተለዋዋጭ ነው። አንድ ቶን ከሰል በመኖሪያ ቤት ምድጃ ሲነድና በዘመናዊ የኃይል ማመንጫ ቦይለር ሲነድ የሚያወጣው ጥላሸት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። የከሰሉ ዓይነት፣ የምድጃው አሠራር፣ አካፋ ይዞ እሳቱን የሚመግበው ሠራተኛ ልምድ ሁሉ ለውጥ ያመጣሉ። የአየር ንብረት ሞዴሎች ያለፈውን ዘመን ሙቀት ሲያሰሉ የሚመገቡት ይህን ግምት ነው። ግምቱን የሚፈትን ከስሌቱ ውጭ የሆነ ምስክር ያስፈልግ ነበር፤ የእነ ዱቤይ ሥራ ዋጋም እዚህ ላይ ነው።

ዘዴው ለማስረዳት አያስቸግርም። ወፎቹ ላባቸውን በየዓመቱ ጥለው አዲስ ያበቅላሉ። ስለዚህ አንዲት ወፍ ላይ ያለው ጥላሸት የዕድሜ ልኳ ክምችት ሳይሆን የቅርብ ወራቱ ነው። የሙዚየም ናሙና ሁሉ ደግሞ እግሩ ላይ የታሰረች ካርድ አለችው፤ መቼና የት እንደተያዘ ተጽፎባታል። ቀን ያለው፣ ቦታ ያለው፣ ያን ወቅት ብቻ የመዘገበ ላባ ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ በኢንዱስትሪው ቀበቶ፣ ማለትም በታላላቅ ሐይቆች ዙሪያ ባለው የፋብሪካና የከሰል አገር፣ በብዛት የሚገኙ አምስት ዝርያዎችን መረጡ፤ ሆርንድ ላርክን፣ ራሰ ቀዩን ግንደ ቆርቁር፣ ምሥራቃዊውን ቶዊ፣ የሜዳ ድንቢጥንና ግራስሆፐር ስፓሮው የምትባለውን ድንቢጥ። ሁሉም ደረታቸው ወይም ሆዳቸው ፈካ ያለ በመሆኑ ጥላሸት በቀላሉ ይታይባቸዋል። በቺካጎ፣ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲና በፒትስበርግ ካርኔጊ ሙዚየም ስብስቦች ውስጥ ከ1880 እስከ 2015 የተሰበሰቡ ከ1,300 በላይ ወፎችን በአንድ ዓይነት መብራት ሥር ፎቶግራፍ አነሡ። ከዚያም የሆዳቸውን ላባ የብርሃን ነጸብራቅ በቁጥር ለኩ። ብዙ ብርሃን የመለሰች ወፍ ንጹሕ አየር ውስጥ ነበረች፤ ብርሃኑን ውጣ ያስቀረች በጭስ ውስጥ ኖራለች።

ናሙናዎቹን የያዙበት ነጭ ጓንት ይጠቁር ነበር። ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ስለዚህ ላባዎቹን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አይተው የተጣበቀው ነገር ጥቁር ካርቦን፣ ማለትም ጥላሸት፣ መሆኑን አረጋገጡ። በዚህ ደረጃ አንባቢ አንድ ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም። ሙዚየሞቹ ራሳቸው ያሉት በጭሱ አገር መካከል ነው፤ ቺካጎና ፒትስበርግ ራሳቸው ጥቁር ከተሞች ነበሩ። ጥላሸቱ ወፎቹ ከሞቱ በኋላ በመስኮትና በመሳቢያ ሽንቁር ገብቶ ያረፈባቸው ቢሆንስ? ለዚህ ነው መግቢያው ላይ ያነሣኋቸው የምዕራብ ወፎች ከፍ ያለ ዋጋ ያላቸው። በዚያው ዘመን ተሰብስበው፣ በዚያው ሙዚየም ኖረው፣ ነጭ ናቸው። የመሳቢያ ጥላሸት ቢሆን ኖሮ ወፍ መርጦ ባላጠቆረ ነበር። በጥናቱ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ የማደንቀው ይህን ነጥብ ነው፤ የሚያሰጋውን ተቃውሞ አስቀድሞ አይቶ፣ መልሱን እዚያው ስብስብ ውስጥ አግኝቶታል።

ከወፎቹ የወጣው ግራፍ የአንድ አገር ኢኮኖሚ ታሪክ ሆኖ ይነበባል። ወፎቹ በጣም የጠቆሩት በሃያኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥር ዓመት ውስጥ ነው። ከ1929 የገበያ ውድቀት በኋላ፣ ፋብሪካዎች ሥራ ሲያቆሙና የከሰል ፍጆታ ሲቀንስ፣ ወፎቹ ይነጣሉ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምድጃዎቹን መልሶ ሲያቀጣጥል እንደገና ይጠቁራሉ። ከጦርነቱ በኋላ የተፈጥሮ ጋዝ በቧንቧ ወደ መኖሪያ ቤቶች ሲገባ ጥላሸቱ ይወርዳል፤ ከዚያ ወዲህም ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። አገሪቱ በኋላ የከሰል ፍጆታዋን ብትጨምርም ወፎቹ አልጠቆሩም። ከሰሉ ከቤት ምድጃና ከትንንሽ ፋብሪካዎች ወጥቶ አጣርቶ ወደሚያነደው ትልቅ ማመንጫ ገብቶ ነበርና። የከሰል ቶን ብቻ ቆጥሮ ጥላሸትን መገመት የማያዋጣው ለዚህ ነው፤ ወፎቹ ይህን በግልጽ አሳይተዋል።

ዋናው ግኝት ከዚህ ይከተላል። የላባው ጥቁረት በስሌት ከተሠሩት የልቀት ግምቶች ጋር ሲነጻጸር፣ ግምቶቹ የኢንዱስትሪውን የመጀመሪያ ዘመን ጥላሸት አሳንሰውታል። ይህ የወፍ ተመልካቾች ብቻ ጉዳይ አይደለም። የዛሬ መቶ ዓመት በአየር ላይ የነበረው ጥላሸት ከታሰበው የበለጠ ከሆነ፣ የዚያን ዘመን ሙቀትና የበረዶ መቅለጥ ለማስረዳት የሚሠሩ ስሌቶች መነሻቸው ይስተካከላል ማለት ነው።

ወፎቹን ብቻቸውን ማመን አያስፈልግም። ከእነሱ አሥር ዓመት ቀድሞ፣ በ2007፣ በኔቫዳ በረሃ ምርምር ተቋም የሚሠራው ጆሴፍ ማኮኔልና ባልደረቦቹ ከግሪንላንድ ግግር በረዶ ተሰርስሮ የወጣ ዘንግ አጥንተው ነበር። በረዶው በየዓመቱ ሲጥል ንብርብር ይሠራል፤ በየንብርብሩ ያለውን ጥላሸት ሲለኩ ከ1788 እስከ 2002 ያለ መዝገብ አገኙ። ለደን ቃጠሎ ምልክት የሚሆን ከእንጨት የሚወጣ ቫኒሊክ አሲድ አብረው ስለለኩ የደኑን ጭስ ከፋብሪካው ጭስ መለየት ቻሉ። ከ1850 ገደማ በኋላ የኢንዱስትሪው ጥላሸት ከደኑ በላይ ሆነ፤ ከፍተኛው ደረጃ ላይ የደረሰውም ከ1906 እስከ 1910 ባለው ጊዜ ነው። ከቺካጎ መሳቢያ የወጣ ላባና ከግሪንላንድ የወጣ በረዶ፣ አንዱ ሌላውን ሳያውቅ፣ ያንኑ አሥር ዓመት ጠቁመዋል። ሁለቱ ግን አንድ ነገር አይለኩም። በረዶው ከብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር የተጓዘውንና ከብዙ አገር የተደባለቀውን ይቀበላል፤ ወፏ የኖረችበትን ሰፈር ትመዘግባለች። ግሪንላንድ በአብዛኛው ከሰሜን አሜሪካ የመጣውን ጭስ ሰብስባ በመጠን ትነግረናለች፤ የኢሊኖይ ድንቢጥ ግን ጭሱ ሰዎች በሚተነፍሱበት ቁመት ላይ ምን ያህል እንደነበር ታሳየናለች። ለጤና ታሪክ ከበረዶው ይልቅ ወፏ ትቀርባለች።

የጊዜ ቅደም ተከተል ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ ለማየት የአልፕስ ተራሮችን ክርክር ማስታወስ ይበቃል። የአልፕስ ግግር በረዶዎች ከአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ አፈገፈጉ፤ አየሩ ግን ያን ጊዜ ገና አልሞቀም ነበር። በ2013 የታተመ ጥናት ምክንያቱ የኢንዱስትሪ ጥላሸት ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ማራኪ ነበር፤ በብዙ ቦታም ተጠቀሰ። በ2018 ግን በጣሊያንና በስዊስ ድንበር ላይ ካለው ኮሌ ኚፌቲ የወጣ በረዶ በጥንቃቄ ሲለካ፣ የኢንዱስትሪው ጥላሸት ጎልቶ የታየው ከ1870ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሆኖ ተገኘ፤ በዚያን ጊዜ በረዶዎቹ አብዛኛውን ማፈግፈጋቸውን ጨርሰው ነበር። ጥሩ የሚመስል ማብራሪያ በሃያ ዓመት ልዩነት ወደቀ። የወፎቹ ጥናትም ቀን የተጻፈባቸው ናሙናዎች ላይ መቆሙ ያለውን ዋጋ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

አሁን ወደ ድክመቶቹ። የመጀመሪያው ጸሐፊዎቹ ራሳቸው በግልጽ ያስቀመጡት ነው፤ መለኪያው አንጻራዊ ነው። ወፉ ጠቆረ ወይም ነጣ ይላል እንጂ በአንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር ስንት ማይክሮግራም እንደነበረ አይናገርም። ከዚህ ጋር የተያያዘ፣ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። እንጨት በሚነድበት ማጀት ጣሪያው አንዴ በጥቀርሻ ከተለበጠ በኋላ አሥር ዓመት ቢጨስ ከዚያ በላይ እንደማይጠቁር ሁሉ፣ ላባም የሚሸከመው ወሰን አለው። በጣም የጠቆሩት ወፎች ከዚያ ወሰን ደርሰው ከሆነ የ1900ዎቹ ከፍታ ግራፉ ላይ ከሚታየውም በላይ ሊሆን ይችላል። ይህ የጥናቱን ዋና መደምደሚያ አይንደውም፤ እንዲያውም ያጠናክረዋል። ግን ጥቁር ዓመታትን እርስ በርስ ማወዳደር ላይ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ሁለተኛው የሰብሳቢዎቹ ነገር ነው። ወፎችን የሰበሰቡት ሰዎች አየርን ለመለካት አላሰቡም። ለመድረስ የሚቀላቸው ቦታ ሄዱ፤ በሚመቻቸው ወር ሄዱ። ላባዋን በቅርቡ የቀየረች ወፍና ከቀየረች ወራት ያለፋት ወፍ በአንድ አየር ውስጥ ሆነው የተለያየ ጥቁረት ይኖራቸዋል። ከባቡር ሐዲድ አጠገብ የምትኖር ወፍና እርሻ መሀል የምትኖርም እንዲሁ። በብዙ ወፍ ላይ ሲሠራ ይህ ልዩነት እየተቻቻለ ይሄዳል፤ አምስት ዝርያ መጠቀማቸውም ለዚህ በጅቷቸዋል። ሆኖም አንዲትን ዓመት ከጎረቤቷ ዓመት ለይቶ ለማንበብ የሚሞክር አንባቢ መረጃው ከሚችለው በላይ እየጠየቀው ነው። ግራፉ የሚነበበው በአሥርና በሃያ ዓመት ቁራጭ ነው።

ስለ ፎቶግራፎቹም አንድ ነገር ማለት አለብኝ። የጥናቱ ዝና የመጣው ከሥዕሎቹ ነው፤ ከ1900ዎቹ መጀመሪያ የተወሰደ ቆሻሻ ግንደ ቆርቁር ከላይ፣ ከ1980ዎቹ የተወሰደ ነጭ ሆድ ያለው ከታች። የፎቶግራፍ ታሪክ አጥኚው እጅ እዚህ ላይ ይታያል፤ ምስሎቹ በአንድ ብርሃን፣ በአንድ አቀማመጥ፣ ያለምንም ማስዋቢያ የተነሡ ናቸው፤ ሥዕሉ ራሱ የመለኪያው መሣሪያ እንጂ ማስታወቂያ አይደለም። የሥነ ጥበብ ተማሪና የባዮሎጂ ተማሪ አብረው መሥራታቸው ያስገኘው ጥቅም ይኸው ነው። ነገር ግን ጎን ለጎን የሚቀመጡ ሁለት ወፎች ሁልጊዜ ከጫፍና ከጫፍ የተመረጡ ናቸው። ሥዕሉን ብቻ ያየ ሰው በመካከል ያሉትን ግራጫ ወፎች፣ የ1930ዎቹን መንጣትና የ1940ዎቹን ተመልሶ መጥቆር አያይም። የሥራው ፍሬ ያለው በእነዚያ በመካከለኞቹ ውስጥ ነው።

ትልቁ ቅሬታዬ ርእሱ ላይ ነው። ወፎቹ የአካባቢ ፖሊሲን ያሳያሉ ማለት አንድ ሕግ ወጣ፣ ከዚያ አየሩ ጠራ የሚል ትርጉም ይሰጣል። ታሪኩ ግን እንዲህ ቀጥተኛ አይደለም። ቺካጎ ጭስን የሚከለክል ደንብ ያወጣችው በ1881 ነው፤ ወፎቹ እጅግ የጠቆሩት ከዚያ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ሴንት ሉዊስ በ1940፣ ፒትስበርግ በ1941 ጠንካራ ደንብ አወጡ፤ የፒትስበርጉ ግን በጦርነቱ ምክንያት ሥራ ላይ የዋለው ከ1946 ጀምሮ ነው። በዚያው ጊዜ ርካሽ የተፈጥሮ ጋዝ በቧንቧ ደረሰ፤ የባቡር ኩባንያዎችም የከሰል ሞተራቸውን በናፍጣ ቀየሩ። የፌዴራል መንግሥቱ የመጀመሪያው የአየር ብክለት ሕግ የወጣው በ1955፣ የንጹሕ አየር ሕግ የተባለው ደግሞ በ1963 ነው፤ ያን ጊዜ ወፎቹ ብዙውን መንገድ ተጉዘው ነጥተዋል። ጽሑፉ የጋዙን መምጣት አይደብቅም፤ መቀነሱ ከፖሊሲዎቹ ጋር መገጣጠሙንም በጥንቃቄ ቃል ይናገራል። ርእሱ ግን ያን ጥንቃቄ ትቶታል። መግጠም ማስከተል አይደለም። ከደንቡና ከጋዙ የትኛው ምን ያህል እንደሠራ ለማወቅ ደንብ ያወጡ ከተሞችን ወፎች ደንብ ካላወጡ ከተሞች ወፎች ጋር፣ ጋዝ ቀድሞ የገባባቸውን ዘግይቶ ከገባባቸው ጋር ማወዳደር ያስፈልጋል። ካርዶቹ ላይ ቦታው ስለተጻፈ፣ የተሰበሰበው ወፍ በየከተማው የሚበቃ ከሆነ ይህን መሞከር የሚከለክል ነገር የለም።

ይህን ዘዴ ወደኛ አገር እናምጣው የሚል ሐሳብ ለሚመጣለት አንባቢ፣ ነገሩ እንዲሁ የሚዘዋወር አይደለም። የአሜሪካ ኢንዱስትሪ ቀበቶ ጭሱ በሰማይ ላይ ነበር፤ በኢትዮጵያ ለብዙ ሰው ጤና አስጊ የሆነው ጭስ ያለው ማጀት ውስጥ ነው፤ ወፍም አይደርስበትም። የጥንቱን ቃጠሎ ለማወቅ እኛ ያለን ጥሩ መዝገብ የሐይቅ ደለል ነው፤ ከሐይቅና ከአሸንጌ ሐይቆች ሥር የወጣ ደለል ስለ ሰሜኑ ደጋ ደን መመንጠርና ማገገም የሦስት ሺህ ዓመት ታሪክ አስነብቧል። ደለሉ ግን ከተሞች ያደጉባቸውን ያለፉትን ስድሳና ሰባ ዓመታት በዝርዝር ለማየት አይመችም። ለእነዚያ ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ በቀንና በቦታ ተመዝግበው የተቀመጡ የወፍ ናሙናዎች ካሉ፣ ማንም ሳያጥባቸው ፎቶግራፍ ቢነሡ ወጪው ትንሽ ነው።

በጥቅሉ የእነ ዱቤይ ጽሑፍ ሊነበብ የሚገባው ነው፤ የሚያነበውም ሰው ሥዕሎቹን አልፎ ግራፉ ላይ ይቆይ። ከ1900 እስከ 1910 ስላለው ከፍታ የሚለው በበረዶውም የተደገፈ በመሆኑ እቀበለዋለሁ። ግምቶቹ አነሱ የሚለውን ክርክሩንም እቀበለዋለሁ። ስለ ፖሊሲ የሚለው ግን ገና መጠናት ያለበት ጥያቄ ነው። ሙዚየሞች ወፍ መሰብሰብ እየቀነሱ በመጡ ቁጥር ግን የሚቀጥለው መቶ ዓመት አጥኚ ከኛ ዘመን የሚያገኘው ላባ ጥቂት ይሆናል፤ ስብስቦቹን የሚያስተዳድሩ ሰዎች ይህን ከወዲሁ እንዲያስቡበት ይገባል።